ስድስት ቅጠል ያላት አደይ አበባ

ሰኞ፣ ነሐሴ 10 ቀን 2002

ቤቴን አልሸጥኩም። ኑዛዜም አላስጻፍኩም። በታችኛው ሰፈር በሲቀላ የሚወራው ሁለቱም ውሸት ነው።

ጠዋት ጎረቤቴ ብርቅዬ በአጥሩ በኩል ጠራችኝ። «እትዬ መነን፣ ወደ ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ሦስት ቀን ሙሉ ሲመላለሱ ታይተዋል... ጤናዎን ነው?» ጤናዬን ነው አልኳት። «አይ፣ ሰዎች ኑዛዜ ነው ስላሉ ነው። ሌሎቹ ደግሞ ቤቱን ለሳላዲን ሸጡት ይላሉ።» ሳላዲን ማን ነው? ጅምላ ነጋዴ ነው አለችኝ። ቤቴን ገዝቷል የተባለውን ሰው ስም እንኳ ከሷ መስማቴ ነው።

እውነቱ ቢያንስ አንድ ቦታ በትክክል ይጻፍ። ከሴቻ፣ ከላይኛው አርባ ምንጭ፣ ወደ ሲቀላ የምወርደው በኮምፒውተር ካርድ መሥራት ልማር ነው። የመስቀል ካርድ። አንድ ብቻ።

ለብርቅዬ ይህን አልነገርኳትም። ለማን ነው ብትለኝስ?

ረቡዕ፣ ነሐሴ 12

ለኤርጫፎ ነው። ይኸው ጻፍኩት።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ትምህርት ቤት አስተምረናል። እኔ ሳይንስ፣ እሱ ሥዕልና የእጅ ሥራ። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ማኒላ ወረቀት ቆርጦ፣ በውሃ ቀለም ሥሎ፣ ለእያንዳንዱ መምህር ካርድ ይሰጥ ነበር። በ1992 መባቻ ለእኔ የሰጠኝ ላይ አደይ አበባ ነበረች። ስድስት ቅጠል ያላት። የማሟያ ፈተና እያረምኩ ነበር፤ ቀይ እስክሪብቶው እጄ ላይ ነው። ከአበባዋ ጎን «ስምንት ነው!» ብዬ ጻፍኩ። ከሥር ሰባት ከአሥር ሰጠሁት። ፖስታ ውስጥ ከትቼ በተላላኪው እጅ መለስኩለት።

ቀልድ ነበር? አልነበረም። ቀልድ አላውቅም። ስሕተት አየሁ፣ አረምኩ።

ኤርጫፎ ፖስታውን የከፈተው የመምህራን ማረፊያ ውስጥ ነው። ሰው ሁሉ አየ። ሳቁበት። «አይዞህ፣ በሚቀጥለው ዓመት ታልፋለህ!» አሉት። ወሩን ሙሉ «ሰባት ከአሥር» እያሉ ጠሩት። ከዚያ ወዲህ ለማንም ካርድ አልሠራም።

መስቀል ሲቃረብ ሁለት ሽማግሌዎች ቤቴ መጡ። ጋሞዎች ዘንድ ሰው ተጣልቶ መስቀልን አይቀበልም፤ ከበዓሉ በፊት ይታረቃል። እኔ ምን አልኩ? «ሽማግሌ የሚላከው በሰረቀና በደበደበ ሰው ላይ ነው። እኔ ያረምኩት ትክክል ነው።» ግቡ እንኳ አላልኳቸውም።

አሥራ አንድ ዓመት ሊሆን ነው።

ሐምሌ ላይ ለቅሶ ቤት ተገናኘን። ድንኳኑ ሞልቷል። ተነሣና የተቀመጠበትን ወንበር አቀረበልኝ። ውጪ ወጥቶ ቆመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ ብል ውሸት ነው። እተኛለሁ። ያ ወንበር ግን ከሐሳቤ አልወጣም።

ዓርብ፣ ነሐሴ 14

የኮምፒውተር ቤቱ ባለቤት ዙሁራ ናት። ስድስተኛ ክፍል አስተምሬያታለሁ። ዛሬ አርባ ሊሞላት ነው፤ ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ኮፒ ማሽን አላት።

«ቲቸር፣ ማውሱን እንደ ጠመኔ አይጨብጡት። እንቁላል የያዙ ይመስል ቀለል ያድርጉት።»

«እንቁላል ጠረጴዛ ላይ የሚገፋ ሰው አይቼ አላውቅም።»

«አይ ቲቸር! ለካ ተማሪ መሆን ይከብዳል?»

ደስ ብሏታል። በማስመሪያ እጇን የመታሁበትን ቀን አልረሳችም። ለምን ነበር የመታሁሽ አልኳት። «መስመር ለቅቄ ስለጻፍኩ።» አሁንስ ትለቂያለሽ? «አልለቅም።» እንግዲያው ምን ትያለሽ? ሳቀች። ረመዳን ነው፤ እሷ ጾመኛ፣ እኔም ፍልሰታ ላይ። የሁለታችንም ከንፈር ደርቋል፤ እንጨቃጨቃለን።

የምንሥልበት ፕሮግራም ኮሬል ይባላል። የተሳሳቱትን ለማጥፋት ኮንትሮልና ዜድ የሚባሉትን ቁልፎች አብሮ መጫን ነው። ስሕተቱ እንዳልነበረ ይሆናል። አልወደድኩትም። ተማሪ የሰረዘውን እያየ ነው የሚማረው።

አሥራ ሁለት ጊዜ ተጠቀምኩበት።

ሰኞ፣ ነሐሴ 17

አንድ ቅጠል ሠራሁ። አንዱን በትክክል ከሠሩ ሌላውን ማሽኑ ራሱ ያባዛዋል፤ በስንት ዲግሪ ይዙር ብሎ ይጠይቃል። ሦስት መቶ ስልሳን ለስምንት፣ አርባ አምስት። ዙሁራ ካልኩሌተር ልታወጣ ስትል ቀደምኳት። ስምንት ቅጠል፤ አንዱ ከአንዱ አይበልጥ፣ አያንስ። በሕይወቴ እንዲህ ቀጥ ያለ ነገር ሥዬ አላውቅም።

ዙሁራን ጠርቼ ላሳያት ስል መብራት ሄደ።

«ሴቭ አድርገዋል?»

«ሴቭ ምንድነው?»

በሁለት እጇ ራሷን ያዘች። ገባኝ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 18

መብራት የለም። ከቤት አልወጣሁም። ሴቭ ማለት ማስቀመጥ ነው።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 20

እንደገና። ስምንቱም ቅጠል ተመለሰ። በየአምስት ደቂቃው አስቀመጥኩ፤ ዙሁራ «ቲቸር፣ ኮምፒውተሩ ሰለቸው» አለች።

ለልምምድ የዒድ ካርድ ሥሩልኝ አለችኝ። ደንበኞቿ ነጋዴዎች ናቸው፤ ይፈልጋሉ። እሺ አልኩ። ጨረቃ ቀላል ናት፤ ከአንድ ክብ ላይ በሌላ ክብ መቁረጥ ነው። ግን ዙሁራ ያሳየችኝ ካርድ ሁሉ ላይ ጨረቃዋ ቀጥ ብላ ቆማለች። እዚህ አገር አዲስ ጨረቃ ቆማ አትታይም። ቀንዶቿን ወደ ላይ አድርጋ ጋደም ትላለች። እንደዚያው ሠራኋት።

«ቲቸር፣ ወደቀች እኮ! ሰው ይስቅብኛል።»

«በዒዱ ዋዜማ ቀና ብለሽ እይ።»

«እሺ፣ ቆማ ካየኋትስ?»

«ካርዶቹን ሁሉ ደግሜ እሠራልሻለሁ።»

ሰኞ፣ ነሐሴ 24

የመስቀሉን ካርድ ለሙከራ አተምን። ሉኩ ለአራት ይታጠፋል። አጠፍኩት። አበባዋ ፊት ለፊት አለች፣ ደህና። ውስጡን ስከፍት ለጊዜው የጻፍነው «እንኳን አደረሰዎ» ተዘቅዝቋል! ዙሁራ ፕሪንተሩን ገለበጠች፣ ወረቀቱን ገለበጠች፣ ፕሪንተሩን በእጇ መታ መታ አደረገች። ማሽኑን ተይው አልኳት። ባዶ ሉክ ለአራት አጥፌ ገጾቹን በእርሳስ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት አልኳቸው። ዘረጋሁት። ሁለቱ ቁጥሮች ተዘቅዝቀዋል። እንግዲህ ሁለቱ ገጾች ኮምፒውተሩ ላይም ተዘቅዝቀው መሠራት አለባቸው።

«አሥር ዓመት እዚህ ቁጭ ብዬ ይህን አላሰብኩትም» አለች።

ቁጥሮቹ ያሉበትን ወረቀት ልትጥለው ስትል ተቀበልኳት። ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

ሐሙስ፣ ጳጉሜን 4

ከቀትር በኋላ ዘንቦ ነበር። አመሻሹ ላይ ደመናው በምዕራብ በኩል ተከፈተ። ስልክ ጮኸ። ዙሁራ ናት። ሰላምታ እንኳ የለም።

«ቲቸር! ተኝታለች! ቅድም መስጊዱ በር ላይ አየናት፣ ጋደም ብላለች!»

አውቃለሁ አልኩ። ነገ ዒድ ነው። እንኳን አደረሰሽ።

ሠላሳ ካርድ ነው የሠራሁላት። ነጋዴዎቹ ሁሉንም ወሰዱ ብላኛለች። ሳላዲን የተባለውም ወስዷል።

ቅዳሜ፣ መስከረም 1 ቀን 2003

የሰፈር ልጆች ሥዕል ይዘው መጡ። የአንዷ ፀሐይ ዐይንና ጥርስ አላት። እርሳስ አላነሣሁም።

ሐሙስ፣ መስከረም 6

ምን ብዬ ልጻፍ...

ሲቀላ ገበያ ውስጥ ከደጋ የወረዱ ሴቶች አደይ አበባ ይዘው ተቀምጠዋል። እዚህ ቆላው ላይ አትበቅልም። ሁልጊዜ አልፌያቸው ነው የምሄደው፤ ዛሬ አንድ እስር ገዛሁ። ለምን ገዛሁ? የቢጫውን ዓይነት ኮምፒውተሩ ላይ ላመሳስል። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ዙሁራ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋኋቸው። አንዷን አነሣሁ። ሰባት ቅጠል። አንዱ ረግፏል አልኩ። የረገፈበት ቦታ ግን የለም። ሌላዋን አነሣሁ። ስምንት። ሌላ፣ ስምንት። ሌላ... ስድስት።

ስድስት። ያልረገፈላት፣ ያልተቀደደች፣ ሙሉ ስድስት።

«ቲቸር፣ አበባውንም ፈተና እያረሙት ነው?»

ሁሉንም ቆጠርኩ። ሃያ ሦስት ነበሩ። አሥራ አራቱ ባለ ስምንት፣ አምስቱ ባለ ሰባት፣ ሦስቱ ባለ ስድስት። አንዷ ዘጠኝ አላት።

አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለን መምህርታችን «አደይ አበባ ስምንት ቅጠል አላት» ብላ አጻፈችን። ጻፍን። በቃላችን ያዝን። ያልያዘች ትንበረከካለች። በዚያን ሰዓት አበባዋ ከመስኮቱ ውጪ ሜዳውን ሞልታ ነበር። ውጡና ቁጠሩ ያለን የለም። እኔም ካስተማርኳቸው ልጆች አንዱን ውጣና ቁጠር ብዬ አላውቅም።

ኤርጫፎ የደጋ ልጅ ነው። ከፊቱ ያለችውን አይቶ ነው የሣላት።

ዓርብ፣ መስከረም 7

ሦስት መቶ ስልሳን ለስድስት። ስልሳ።

ባለ ስምንቷን አጠፋሁ። ዙሁራ ጮኸች። «አንድ ወር የለፉበትን!» አዎ። ባለ ስድስቷን ሠራሁ። በጣም ቀጥ አለች፤ የመኪና ጎማ መሰለች። ሁለቱን ቅጠሎች በማውስ ትንሽ አጠፍ አደረግኳቸው። መስመሩ ተወላገደ። ተውኩት። አበባ መሰለች።

ውስጡ ላይ የጻፍኩት ይህ ነው።

«አቶ ኤርጫፎ፣ እንኳን ለመስቀል በዓል አደረሰዎ። አበባዋን ዘንድሮ ቆጠርኳት። ስድስትም አላት። መነን።»

ዙሁራ ከትከሻዬ በላይ አነበበች። ታሪኩን ነግሬያታለሁ፤ ሌላ ሰው አያውቅም።

«ይቅርታ የሚል የለበትም እኮ።»

«ስድስትም አላት ማለት ምን ማለት ነው ታዲያ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ... ለእኔ የአበባ ወሬ ነው።»

አልጨመርኩም። ኤርጫፎ ይገባዋል።

ቅዳሜ፣ መስከረም 8

ታተመ። አበባዋ ነጭ፣ ግንዷ ሰማያዊ ሆና ወጣች። የፕሪንተሩ ቢጫ ቀለም አልቋል። አርባ ምንጭ ውስጥ የለም። ዙሁራ አዲስ አበባ ደውላ በአውቶቡስ ይላክልኝ አለች። በዓሉ ዘጠኝ ቀን ነው የቀረው።

ማክሰኞ፣ መስከረም 11

ቀለሙ ደረሰ። ታተመ። ታጠፈ። ማስመሪያ አስደግፌ በጥፍሬ ተጫንኩት። ካርዱ ጥሩ ነው። ይህን ለማንም አልናገርም፤ ግን ጥሩ ነው።

ረቡዕ፣ መስከረም 12

የኤርጫፎ ሚስት ልክነሽ ሲቀላ ሙዝ ትሸጣለች። ጡረታ ከወጣ በኋላ ጫኖ የሚባል ገጠር ገብተው ሙዝና ማንጎ ያለማሉ። ድሮ እንዋደድ ነበር። ፊት ለፊቷ ሄጄ ቆምኩ። ቀና ብላ አየችኝ።

«ቲቸር መነን! ምነው፣ ሙዜንም ልታርሚው ነው?»

አጠገቧ ያሉት ሴቶች ሳቁ። ይሳቁ። ፖስታውን አወጣሁ። ለኤርጫፎ ነው አልኩ።

«ቀይ አለው?»

«የለውም። ቢጫ ነው።»

እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ ተቀበለችኝ። ሁለት ሙዝ ገንጥላ ሰጠችኝ። ሌላ አልተነጋገርንም።

ሐሙስ፣ መስከረም 13

ምንም የለም። ስልኩን ሁለት ጊዜ አየሁት። ቁጥሬን እንኳ አያውቁትም።

ዓርብ፣ መስከረም 14

ልክነሽ ዛሬ ከሰዓት ቤቴ መጣች። አሥራ አንድ ዓመት ይህን በር አልረገጠችም። ግቢ፣ ተቀመጪ አልኳት። ተቀመጠች። ውሃ ጠጣች። ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየች።

«ካርዷ ደረሰች» አለች። «ካርዱ ነው» ብዬ ላርማት አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት።

«ምን አለ?»

«መስኮት ጋ ወስዶ አያት። መነጽሩን አምጪ አለኝ። ጣቱን እያስኬደ ቆጠረ። ሁለቴ ቆጠረ። ማን ሣለላት አለ። ራሷ ናት፣ በኮምፒውተር ነው አሉ፣ አልኩት። በዚህ ዕድሜዋ? ብሎ ሳቀ። ብዙ ሳቀ።»

«ከዚያስ?»

«ቆንጆ ናት አለ። ግን ካርድ አይበቃም አለ።»

ምን ማለት ነው አልኳት።

«ያን ቀን ሰው ነበረ። አሁንም ሰው ይኑር አለ። ነገ ጠዋት ጫኖ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፣ ዱቡሻው ላይ። ዛፉ ሥር ያለውን ሜዳ ታውቂው የለ? ከመስቀል በፊት የተጣላውን ሁሉ ያስታርቃሉ። ከመጣሽ ያልቃል። ካልመጣሽ...» ብርጭቆውን አስቀመጠች። «ስልሳ ስድስት ዓመቱ ነው፣ መነን። አሥራ አንድ መስቀል ከነቂሙ በላ። ከዚህ በኋላ ስንት መስቀል አለው ብለሽ ነው?»

«ጽፌለት የለ?»

«ሰባት ከአሥር ሲባል የሰማው ሰው ያንቺን ካርድ የት ያያል?»

መልስ ሳጣ ተማሪዎቼ ፊት እንኳ አይታወቅብኝም ነበር። ዛሬ ታወቀብኝ መሰለኝ፤ ልክነሽ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ከባድ አይደለም። እርጥብ ሣር ይዘሽ ትመጫለሽ፤ የዕርቅ ምልክት ነው። አጥፍቻለሁ ትያለሽ። በቃ። ምክንያት አይጨመርበትም።»

«ምክንያቱን ሳይሰሙ እንዴት ይፈርዳሉ?»

«ፍርድ ማን አለሽ? ዕርቅ ነው እንጂ!»

በር ድረስ ሸኘኋት። «ልንገረው?» አለችኝ። ንገሪው አልኩ። «ምን ብዬ?» ትመጣለች በይው።

ከሄደች በኋላ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ሰው ፊት ቆሜ አጥፍቻለሁ ብዬ አላውቅም። አንድ ጊዜም። ልጅ ሆኜ ብያለሁ፤ ተንበርክኬ። ትልቅ ከሆንኩ ወዲህ ግን የሚያጠፉት ሌሎች ነበሩ።

ከሃያ ሦስቱ አሥራ አራቱ ባለ ስምንት ናቸው... ይህን ነገ አልናገርም። እዚህ ጻፍኩት፣ ወጣልኝ። የማሟያ ፈተና ይዤ እንደነበር አልናገርም። ተንኮል እንዳላሰብኩ አልናገርም።

ዙሁራ ደውላ አብሬዎት ልሂድ አለች። አይሆንም አልኳት። ብቻዬን ነው የምሄደው። ያኔም ብቻዬን ነበርኩ።

ነገ መጀመሪያ የማደርገው፦

አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ እነሣለሁ።

ከበሩ ጎን፣ ጤዛው ሳይደርቅ፣ አንድ ጭብጥ ሣር አጭዳለሁ። በእርጥብ ጨርቅ እጠቀልለዋለሁ።

በመጀመሪያው ባጃጅ ወደ ሲቀላ እወርዳለሁ። ከዚያ የጫኖ ሚኒባስ።

ሜዳው ጋ ሳልደርስ ወርጄ በእግሬ እገባለሁ።

ወንበር ቢሰጡኝ አልቀበልም። ጉልበቴ እሺ ባይልም መሬት ላይ እቀመጣለሁ።

ሽማግሌዎቹ ተናገሪ ሲሉኝ እነሣለሁ። ወደ እነሱ ሳይሆን ወደ ኤርጫፎ እዞራለሁ።

አጥፍቻለሁ እላለሁ። ከኋላ ያሉት እንዲሰሙ፣ ጮክ ብዬ።